ከእንቅልፍ የነቃ ኮምፒውተር ኔትወርኩን ለምን ያጣል?

(በመርሳ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ኮምፒውተሯ በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን፣ የዝናብ መረጃ ሲያሰላ ሦስት ቀን አልፎታል። ሌሊት መብራት ሲሄድባት፣ ባትሪውም ያረጀ ስለ ነበር፣ ኮምፒውተሩን ሃይበርኔት አድርጋ ተኛች። ጠዋት ስትከፍተው ስሌቱ ካቆመበት ቀጠለ፤ ኔትወርኩ ግን የለም። የቀረውን መረጃ ከሰርቨር ማውረድ ነበረባት። እኔም ብዙ ሳላስብ «አጥፍተሽ አብሪው» አልኋት። አጠፋችው። ኔትወርኩ ተመለሰ፤ የሦስት ቀኑ ስሌት ግን ጠፋ። የዛሬው ንግግር በዚያን ቀን ልነግራት ይገባኝ የነበረው ነው።

በቅድሚያ ሁለት የእንቅልፍ ዓይነቶችን እንለይ። ሰስፔንድ በተባለው ቀላል እንቅልፍ ጊዜ ኮምፒውተሩ የሥራ ማስታወሻውን፣ ማለትም ራሙን፣ በጥቂት ኃይል ይዞ ያቆየዋል፤ ባትሪው ካለቀ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ሃይበርኔት ግን የማስታወሻውን ምስል ስዋፕ በሚባለው የዲስክ ክፍል ላይ ጽፎ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበትና ብዙው ላፕቶፕ ባትሪው በደከመበት አካባቢ ለሚኖር ሰው የሚበጀው ሁለተኛው መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁንና ብዙ ተማሪዎች ሃይበርኔት የሚለውን ምርጫ በኮምፒውተራቸው ላይ አያገኙትም፤ ለምሳሌ ኡቡንቱ ከ12.04 እትሙ ጀምሮ ምርጫውን በነባሪነት ዘግቶታል። ከዘጋበት ምክንያት አንዱ ዛሬ የምንነጋገርበት ዓይነት ችግር ነው፤ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ መሣሪያዎች በትክክል አይነቁም።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ሃይበርኔት ሲታዘዝ ከርነሉ መጀመሪያ ፕሮግራሞችን ሁሉ ባሉበት ያቆማል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድራይቨር «ዝም አሰኘው» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከዚያም የማስታወሻውን ቅጂ ወስዶ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሲነቃ የሚሆነው ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ኮምፒውተሩ ሲበራ በቀጥታ የሚነሣው የተኛው ከርነል አይደለም፤ አዲስ ከርነል ይነሣና በስዋፕ ውስጥ ምስል መኖሩን ያያል፤ ምስሉን ወደ ማስታወሻ ይጭንና ሥልጣኑን ለአሮጌው ከርነል አስረክቦ ይጠፋል። አሮጌው ከርነል የሚያውቀው ከመተኛቱ በፊት የነበረውን ዓለም ብቻ ነው።

በዚህ አገር በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየራሱ ትረካ የሚያውቀው የዋሻው ተኝተዎች ታሪክ አለ። ሰዎቹ ብዙ ዘመን ተኝተው ሲነቁ የተኙት አንድ ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ይመስላቸዋል፤ ምግብ ለመግዛት ወደ ከተማ የላኩት ጓደኛቸው ያወጣው ብር የጥንት ንጉሥ ብር ሆኖ ይገኛል። የእኛም ከርነል እንዲሁ ነው። በእጁ ያለው ገንዘብ፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻው፣ የካርዱ ሁኔታ፣ የተከፈቱት ግንኙነቶች፣ ሁሉም የቆዩ ናቸው።

በተለይ የኔትወርክ ካርዱን እንመልከት። ኃይል ሲቋረጥ ካርዱ በውስጡ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። የብዙ ዋይፋይ ካርዶች አሠራር ደግሞ ድራይቨሩ ፈርምዌር የተባለውን አነስተኛ ፕሮግራም ከዲስክ አንሥቶ በየጊዜው እንዲጭንላቸው የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ከእንቅልፍ ሲነቃ ድራይቨሩ «ካርዱ እንደነበረ አለ» ብሎ ከገመተ ወይም ፈርምዌሩን እንደገና መጫን ካልተሳካለት፣ ካርዱ በስም አለ፣ በተግባር የለም። በዩኤስቢ የሚሰኩት የሞባይል ሞደሞች ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ብዙዎቹ ኃይል ባገኙ ቁጥር መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያስተዋውቁና ወደ ሞደምነት እንዲለወጡ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ነቅሎ መልሶ መሰካት ብዙ ጊዜ የሚበቃው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ሲገጥማችሁ ከምን እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ። ከኮምፒውተሩ አትጀምሩ። መብራት ሄዶ ከሆነ ራውተሩም ስዊቹም አብረው ጠፍተዋል፤ መብራት ሲመለስ ለመነሣት ደቂቃዎች ይፈልጋሉ። ስለዚህ ስልካችሁን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩ። በሞባይል ዳታ መሞከር ግን ማስረጃ አይሆንም፤ መንገዱ ሌላ ነውና። ይህን የምለው ግማሽ ቀን ደኅና ኮምፒውተር ስፈታታ ውዬ ራውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ስላገኘሁት ነው።

ስልኩ ከሠራና ኮምፒውተሩ ካልሠራ «አይፒ ሊንክ» በሚለው ትእዛዝ ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እዩ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ካርዱ በዝርዝሩ ካለ ነገሩ ከላይ ነው፤ ከሌለ ከታች ነው።

ከላይ ያለው ቀላሉ ነው። «አርኤፍኪል ሊስት» ሬዲዮው መታገዱን ይነግራችኋል፤ እገዳው በሶፍትዌር ከሆነ በትእዛዝ ይነሣል፣ በሃርድዌር ከሆነ ግን የላፕቶፑን ማብሪያ ወይም ቁልፍ መፈለግ ነው። ቀጥሎ ኔትወርክ ማኔጀርን ጠይቁት። ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሊተኛ ሲል ግንኙነቶችን ይዘጋል፤ «ነቅተናል» የሚለው መልእክት ካልደረሰው ተኝቶ ይቀራል። በ«ኤንኤምሲኤልአይ» ኔትወርኪንግን አጥፍቶ ማብራት ይቀሰቅሰዋል፤ እንዲያም ሆኖ ካልነቃ አገልግሎቱን ብቻ እንደገና ማስጀመር ይቻላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሌታችሁ አይነካም። ግንኙነቱ አለ እየተባለ ገጽ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ የአድራሻው ኪራይ አልፎበት ይሆናል። አድራሻ በዲኤችሲፒ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ስሪንቃ መስክ ላይ የማሽላ መረጃ ሲመዘግብ ውሎ ኮምፒውተሩን ያስተኛና መርሳ ግቢ ደርሶ የቀሰቀሰ ተማሪ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ ተለውጦበታል። ግንኙነቱን ዘግቶ መክፈት አዲስ አድራሻ ያመጣለታል።

ሰዓቱንም እዩ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ የሞተች እንደሆነና ኮምፒውተሩ ከኃይል ተለይቶ ካደረ፣ ሲነቃ ሰዓቱ ትክክል አይሆንም። ሰዓቱ እጅግ ከተዛባ አሳሹ የድረ ገጾችን የምስክር ወረቀት አልቀበልም ይላል፤ ተጠቃሚውም «ኔትወርክ የለም» ይላል።

ካርዱ በዝርዝሩ ከሌለ ወይም ኖሮ ምንም ካልሰማ፣ ወደ ከርነሉ መዝገብ እንሄዳለን። «ጆርናልሲቲኤል» ከነቃበት ሰዓት ወዲህ ያለውን ያሳያችኋል። እዚህ ላይ አንድ የእኛ ብቻ የሆነ ችግር አለ። ተማሪው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት አስተኛሁት» ሲለኝ በመዝገቡ ላይ 8 ሰዓትን ስፈልግ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ፤ መዝገቡ የሚለው 2 ሰዓት ነው። በመዝገቡ ውስጥ የካርዱ ድራይቨር ስም ከስሕተት መልእክት ጋር ከተገኘ መፍትሔው ድራይቨሩን ማውጣትና መልሶ ማስገባት ነው፤ «ሞድፕሮብ» የተባለው ትእዛዝ ሁለቱንም ያደርጋል። ድራይቨሩ ከዜሮ ሲጀምር ካርዱን ዳግም ያስነሣል፣ ፈርምዌሩንም ይጭናል። ለተማሪዋ ልነግራት ይገባኝ የነበረው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካርዱ ከፒሲአይ ዝርዝርም የጠፋ እንደሆነ፣ መስመሩ እንደገና እንዲፈተሽ ከርነሉን ማዘዝ ይቻላል። ይህም ካልሠራ ሥራችሁን አስቀምጡና ያን ጊዜ አጥፉት።

ድራይቨሩን በየቀኑ በእጅ ማውጣትና ማስገባት ግን አሰልቺ ነው። ሲስተምዲ የሚጠቀሙ ስርጭቶች «ሲስተም ስሊፕ» የሚባል ማውጫ አላቸው፤ በዚያ የተቀመጠ ስክሪፕት ከእንቅልፍ በፊት «ፕሪ»፣ ከእንቅልፍ በኋላ «ፖስት» በሚል ቃል ይጠራል። ስክሪፕቱ በመጀመሪያው ጥሪ ድራይቨሩን ያወጣል፣ በሁለተኛው ያስገባል። አምስት መስመር ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሕመሙን አይፈውስም፤ ስሕተቱ ያለው ድራይቨሩ ውስጥ ነው፣ ትክክለኛው መድኃኒትም አዲስ ከርነል ወይም አዲስ ፈርምዌር ነው። ነገር ግን ማስተካከያው እስኪደርስ ሥራ መቆም የለበትም።

በመካከላችሁ ምርምር የሚወዱ ካሉ አንድ ተጨማሪ ነገር ልጠቁም። ለዚህ በተዘጋጁ ከርነሎች ውስጥ «ፒኤም ቴስት» የሚባል የሙከራ ማብሪያ አለ። «ዲቫይስስ» በሚለው ደረጃ ላይ ሲደረግ ከርነሉ ፕሮግራሞችንና መሣሪያዎችን ያስተኛል፣ አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፣ መልሶ ያነቃል፤ ወደ ዲስክ አይጽፍም፣ ኮምፒውተሩንም አያጠፋም። ኔትወርኩ በዚህ ሙከራ ከጠፋ ጥፋቱ የድራይቨሩ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም። ካልጠፋ ግን ጥርጣሬው ኃይል ሙሉ በሙሉ ወደሚቋረጥበት ደረጃ ይሻገራል። ሙከራው ሲያበቃ ማብሪያውን ወደ ቦታው መመለስ አትርሱ፤ እኔ ረስቼ «ኮምፒውተሬ መተኛት እምቢ አለ» ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቸግሬአለሁ።

(ከአዳራሹ አንድ መምህር «ሰስፔንድን መጠቀም ይህን ሁሉ ጣጣ አያስቀርም ወይ?» ሲሉ ላቀረቡት ጥያቄ የተሰጠ መልስ)

አመሰግናለሁ። ባትሪዎ ደኅና ከሆነ፣ አዎን፣ አብዛኛውን ያስቀራል። ባትሪው የማያስተማምን ከሆነ ግን ሁለቱን የሚያጣምር ሦስተኛ መንገድ አለ። ሃይብሪድ ስሊፕ ይባላል፤ ምስሉን ዲስክ ላይ ይጽፍና ከመጥፋት ይልቅ ቀላል እንቅልፍ ይተኛል። ኃይል ካልተቋረጠ ከማስታወሻው ቶሎ ይነቃል፤ ከተቋረጠ ከዲስኩ ይነሣል። በሁለተኛው ጊዜ የካርዱ ችግር ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ስክሪፕቱን አይሰርዙት። ተማሪዋም ዛሬ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው፤ በተጨማሪም ፕሮግራሟ የደረሰበትን ውጤት በየሰዓቱ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርጋዋለች፣ ያንን ደግሞ እኔ አልነገርኋትም።