ጎማና ቸርኬ፤ ልካቸውና ስያሜያቸው

ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ ከአዲስ ዘመን ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርድ የጭነት መኪና በክረምት ከዋናው ጐዳና ወጥቶ ዋልካ ውስጥ ሲገባ፣ ነጂው ጎማውን ጥቂት ያስተነፍሰዋል። ጎማው ተለጥጦ መሬቱን በሰፊው ስለሚረግጥ ጭቃውን ለመሻገር ይቀለዋል። ሆኖም ጎማን ከቸርኬ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ያው የተቀነሰው ነፋስ ነው። ስለዚህ በመጠምዘዣ ላይ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ለዚህ ዋናው መከላከያ ተስማሚ ልክ ያለው ቸርኬ መምረጥ ነው። ልኩን የሚነግረው መምሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ቃላቱ ይደባለቃሉ።

«መንኮራኩር» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው፤ በሕዝቅኤል ራእይ ውስጥ ይገኛል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ 7 ቶን ያህሉን ክብደት የተሸከመው መንኮራኩር ነፋስ የሚሞላ ክፍል አልነበረውምና ለሁሉም አንድ ስም ይበቃ ነበር። በነፋስ የሚሞላው ሲመጣ አካሉ ተከፋፈለ፤ ስሞቹም ከጣልያንኛ ተወሰዱ። ላስቲኩ «ጎማ»፣ ላስቲኩን የሚሸከመው ብረት «ቸርኬ»፣ በውስጥ የሚነፋው «ከመነዳሪ» ተባለ። ይሁን እንጂ «ባለ 10 ጎማ» ስንል ጎማውንም ቸርኬውንም አንድ ላይ መቁጠራችን ነው። «መንኮራኩር»ማ ዛሬ የብዙውን አንባቢ ሐሳብ የሚወስደው ወደ ጠፈር ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ቸርኬን በግእዝ ቃል ለመተካት መድከም አያስፈልግም፤ ነጂውም ጎሚስታውም የሚያውቀው ቃል ነውና።

ችግሩ «የጎማ ስፋት» በሚለው ሐረግ ላይ ይጐላል። ኢሱዙ ኤን ፒ አር በመሳሰሉት መኪኖች ጎማ ላይ 7.50-16 የሚል ጽሑፍ ይነበባል። 7.50 የጎማው የራሱ ስፋት በኢንች ሲሆን፣ 16 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዳያሜትር ነው። የቸርኬው ስፋት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ለዚህ ጎማ መደበኛው ቸርኬ 6 ኢንች ስፋት አለው፤ ቸርኬው ከጎማው መጥበቡ ትክክል ነው ማለት ነው። 7.50ን «የቸርኬ ስፋት» ብሎ የተረጐመ ሰው አንባቢውን ከሚገባው በላይ ሰፊ ቸርኬ ያስገዛዋል። በሰፊ ቸርኬ ላይ የጎማው ጐን ወደ ውጭ ተወጥሮ ለድንጋይ ይጋለጣል። እጅግ ጠባብ በሆነው ላይ ደግሞ ጎማው ያብጥና ነፋሱ ሲቀንስ ይዋልላል።

ልኬቱ ከየት እስከ የት እንደሆነም ፍቺው መናገር አለበት። በቸርኬው ግራና ቀኝ ቀና ብሎ የቆመውን ጠርዝ «ክፈፍ»፣ ከክፈፉ ሥር ጎማው የሚያርፍበትን «መቀመጫ»፣ በውስጡ የሽቦ ቀለበት የያዘውን የጎማ ጫፍ ደግሞ እንደ እንስራ አፍ «ከንፈር» ብንለው ሐሳቡ ይገለጻል። የቸርኬ ስፋት በሁለቱ ክፈፎች የውስጥ ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ዳያሜትሩም የሚለካው በመቀመጫው ላይ እንጂ በክፈፉ ጫፍ ላይ አይደለም። ከመነዳሪ ለሌለው ጎማ የሚሠራ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው በስተውስጥ ትንሽ ጉብታ ይኖረዋል፤ ጉብታው ከንፈሩ ወደ መካከለኛው ጐድጓዳ ክፍል እንዳይንሸራተት ያግደዋል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ደግሞ ቸርኬው ላይ ከተሽከረከረ የከመነዳሪው ቫልቮላ ይበጠሳል።

ተርጓሚ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ግን ከነጥብ በኋላ ያለው 5 ቁጥር ነው። 16 እና 16.5 ኢንች የሚቀራረቡ ልኮች አይደሉም። የ16 ቸርኬ መቀመጫ ተዳፋትነቱ 5 ዲግሪ፣ የ16.5ቱ 15 ዲግሪ ነው። የ16 ጎማ በ16.5 ቸርኬ ላይ በግድ ሊገባ ይችላል፤ ከንፈሩ ግን መቀመጫው ላይ አይደርስም። ሠራተኛው «ይድረስ» ብሎ ነፋስ ሲጨምር የከንፈሩ ሽቦ ተበጥሶ ጎማው ይፈነዳል፤ በዚህ ሰው ሞቷል። በከባድ መኪናም እንዲሁ፣ 20 ኢንች ብዙውን ጊዜ ባለ ከመነዳሪና የሚፈታ ቀለበት ያለው ቸርኬ ሲሆን፣ 22.5 ግን ከመነዳሪ የሌለው ወጥ ቸርኬ ነው። 11.00-20 የነበረው መኪና 12R22.5 ሊገጠምለት የሚችለው ቸርኬው አብሮ ከተለወጠ ብቻ ነው። «ጎማው ይለወጥ» ብሎ የሚያቆም ትርጉም ይህን ስለማይናገር፣ በእንዲህ ያለው ቦታ «ጎማውና ቸርኬው» ተብሎ ሁለቱም በስማቸው ይጻፉ።