ተጨማሪ መረጃ፦ የታምቡር ፍሬንና የድልብ ቁልቁለት

ከጋሸና በድልብ በኩል ወደ ወልዲያ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ ከወረደ፣ የአደጋው የመጀመሪያ ምልክት የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ፒስተኖቹ ሁለቱን ግማሽ ክብ ሸራዎች ወደ ውጭ ገፍተው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ያፋትጓቸዋል። ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል፤ ታምቡሩ ዝግ ስለሆነ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም። ብረቱ ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፣ የጋለው ሸራም የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ፔዳሉ እየሰመጠ መኪናው አልቆም የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን መያዝ አለበት።

በመርሳና በሀብሩ መንገዶች የሚሠሩ ባጃጆችም ታምቡር ፍሬን አላቸው። በክረምት ጅረት ከተሻገሩ በኋላ ሸራው ስለሚርስ፣ በዝግታ እየነዱ ፔዳሉን ደጋግሞ በስሱ መርገጥ ያደርቀዋል።

ሸራ ሲቀየር የግራውና የቀኙ አብረው ይቀየራሉ፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር መንፋት ፈጽሞ አይገባም። አሮጌ ሸራዎች ሳንባን ክፉኛ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።