ቁልፉ የት ይወለድ?

በመልካ ጀብዱ በኩል ያለው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ በአገራችን የመጀመሪያው ነበር። ዕቃው ከጅቡቲ በባቡርና በጭነት መኪና ይመጣል፤ ሰነዱ ግን በኢንተርኔት ይመላለሳል። ዲክላራሲዮን የሚሞላው ትራንዚተርም ሆነ የመጋዘን ሒሳብ የሚይዘው ሠራተኛ ፋይሉ ያለበትን ሰርቨር በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ማሽኑ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የተከራዩት ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ሰነዱን የሚጠብቀው የኢንክሪፕሽን ቁልፍ ሲመነጭ ምን እንደሚሆን ለኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ቁልፍ የምንለው በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ሐሳቡን ካሳተሙ ወዲህ ቁልፍ በጥንድም ይሠራል፤ አንዱ ለማንም የሚሰጥ ይፋዊ ቁልፍ፣ ሌላው ከባለቤቱ እጅ የማይወጣ የምስጢር ቁልፍ። በምስጢሩ የተፈረመ ሰነድ በይፋዊው ይረጋገጣል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥታለች።

የቁልፍ ጥንካሬ ቁጥሩ ሊገመት አለመቻሉ ነው። ችግሩ፣ ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ማሽን መሆኑ ነው፤ ከራሱ ዕድል፣ ማለትም የማይገመት ነገር፣ አያመነጭም። ስለዚህ ከውጭ ይለቅማል፦ ከኪቦርድ ምት፣ ከማውስ እንቅስቃሴ፣ ከዲስክና ከኔትወርክ ምልልስ የጊዜ ልዩነት። ሩቅ ያለው ሰርቨር ላይ ግን ኪቦርድ የሚነካ ሰው የለም። ከአንድ ቅጂ የተባዙ ማሽኖችም ጥንቃቄ ካልተደረገ ገና ሲነሱ መንታ ናቸው። ድሮ ሊኑክስ ላይ ቁልፍ ሲመነጭ ማሽኑ በቂ ዕድል እስኪለቅም ለረጅም ጊዜ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 5.6 ከርነል ይህን መጠበቅ በአብዛኛው አስቀርቷል።

ነገሩ ተራ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ውስጥ፣ ቁልፍ በሚያመነጨው የኦፕን-ኤስ-ኤስ-ኤል ኮድ ላይ የተደረገ ትንሽ ማሻሻያ የዕድሉን ምንጭ አደረቀው። ስህተቱ በ2008 እስኪገኝ ድረስ በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ለእያንዳንዱ የቁልፍ ዓይነትና መጠን ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች 32,768 ብቻ ነበሩ፤ ይህን ያህሉን ማንም ቁጭ ብሎ ሊሞክረው ይችላል። በ2012 ደግሞ ተመራማሪዎች ኢንተርኔቱን ሲያስሱ፣ በማያውቋቸው ሰዎች ራውተሮች ውስጥ ያሉ ብዙ የምስጢር ቁልፎችን በስሌት ብቻ አወጡ። መሣሪያዎቹ በቂ ዕድል ሳይለቅሙ ገና እንደበሩ ቁልፍ ሠርተው ነበር።

ለእኔ ግን ከዚህ የሚብሰው የማሽኑ ባለቤትነት ነው። ሰርቨሩን የሚያከራየው ድርጅት ሜሞሪውን ማየት፣ ሙሉ ቅጂ መውሰድ ይችላል፤ የተሰረዘ ፋይልም መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። በዚህ ላይ የቁልፉን ጥንድ ሰርቨሩ ላይ ሠርቶ የምስጢሩን በቴሌግራም ለደንበኛው የሚልክ ባለሙያ አለ። ይህ መቅረት አለበት። የምስጢር ቁልፍ የሚወለደው በሚሠራበት ማሽን ላይ ነው። ወደ ሰርቨር መግቢያ ከሆነ በራስ ላፕቶፕ ላይ ይመነጫል፤ ኤድ25519 የሚባለው ዓይነት ቁልፍ አፍታ አይፈጅም፣ የሚላከው ይፋዊ ቁልፍም አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ከሆነ ቁልፉ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተሠርቶ፣ የሚወጣው የሰርተፊኬቱ ማመልከቻ ብቻ ነው።

አንዴ መንገድ የወጣ የምስጢር ቁልፍ በመሰረዝ አይድንም። የመግቢያ ቁልፍ ከሆነ አዲስ አመንጭቶ ይፋዊውን ሰርቨሩ ላይ ማስመዝገብ፣ ከዚያ የተከፈተውን ግንኙነት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት በአዲሱ ገብቶ መሞከር፣ መሥራቱ ሲረጋገጥ አሮጌውን ከተፈቀዱት ቁልፎች ዝርዝር ማውጣት ያስፈልጋል።