ሚክሰር የማይሰማው ግማሽ

መገናኛ ወይም ኮተቤ አካባቢ የሠርግ ድንኳን ሲተከል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ሲያቀርቡ፣ አዝማሪ ሲጫወት፣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ባለ ብዙ ቁልፍ ማሽን አለ፤ ሚክሰር። ከየማይኩ የሚመጣለትን ድምፅ ተቀብሎ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ፣ አዋሕዶ ወደ ስፒከር ይልካል። ለመቅጃ የሚሆን መውጫም ስላለው፣ በአነስተኛ ገንዘብ ለሚቀዳ ሰው አንድ ገመድ የሚበቃው ይመስላል።

አይበቃውም። ከሚክሰር ብቻ የተቀዳውን ስትሰሙ ድምፃዊው ጆሯችሁ ሥር ነው፤ ከበሮው ግን ሩቅ ነው፣ አንዳንዴም ጨርሶ የለም። ከበሮ በራሱ ጉልበት ክፍሉን ስለሚሞላ ባለሙያው ማይክ አያደርግለትም፣ ቢያደርግለትም ዝቅ ያደርገዋል። በሚክሰሩ በኩል የሚያልፈው ለክፍሉ የጎደለው ድምፅ ብቻ ነው።

ይህ ጉድለት በእኛ ሙዚቃ ላይ ይከፋል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሲዞር አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም በዜማ ያወጣዋል። ማይኩ ያለው አዝማሪው ጋ ብቻ ነው። ቅጂው ግጥሙን ያቀበለውን ሰው ያጣል፤ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የግጥሙ ወርቅ፣ ድብቁ ትርጉም፣ ቀድሞ የገባው ሰው ሳቅም አብረው ይቀራሉ። ለእኔ እነዚህ የጨዋታው አካል ናቸው፤ የሌሉበት ቅጂ ጎዶሎ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ሁለተኛ መቅጃ። አነስተኛ የእጅ መቅጃ፣ ካልተገኘም ስልክ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ሰው መሀል ይቀመጥ። ሁለቱም መቅዳት ከጀመሩ በኋላ ከመድረኩ ማይክ አጠገብ አንዴ አጨብጭቡ፤ ኋላ ኮምፒውተር ላይ፣ ለምሳሌ በነፃ በሚገኘው ኦዳሲቲ፣ ሁለቱን ቅጂዎች በዚያች ጭብጨባ ታገጣጥማላችሁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 10 ሜትር ርቆ የተቀመጠው መቅጃ የሰከንድ ሦስት መቶኛ ያህል ይዘገያል፤ በጭብጨባዋ ሲገጣጠም ግን ይህም አብሮ ይስተካከላል። ዝግጅቱ ረጅም ከሆነ ሁለቱ መሣሪያዎች ቀስ በቀስ መለያየታቸው ስለማይቀር መጨረሻውንም ፈትሹ።

የድምፁ ልክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዲጂታል መቅጃ ዜሮ ዴሲቤልን ያለፈ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ ተመልሶም በደንብ አይጠገንም። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም፣ ድንገተኛ እልልታ ሲመጣ ቦታ ያገኛል።

ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ቻናል ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር ያወጣል? ብዙዎቹ ርካሽ ሚክሰሮች የሚያወጡት የተዋሐደውን ግራና ቀኝ ብቻ ነው። እንደ ቤሪንገር ኤክስ 32 ያሉት 32 ቻናል ለየብቻ ያወጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው።

ከቤት ውጭ ስትቀዱ ደግሞ ነፋስ አለ፤ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር በላይ፣ ነፋሱ ማይክ ውስጥ ገብቶ ያጉረመርማል። ማይኩን በስፖንጅ ወይም በፀጉራም ልባስ ሸፍኑ፤ ለድምፃዊው ቻናል ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ ተጫኑ። ለከበሮና ለበገና ግን አትንኩት፤ ከነፋሱ ጋር የእነሱም ግርማ ይቆረጣል።

ጥር 12 የየካ ሚካኤል ታቦት ከጃንሜዳ ሲመለስ በየመንገዱ የሚዘምረውን ሕዝብ ለመቅዳት ግን ሚክሰሩ ቤት ይቅር። እዚያ የእጅ መቅጃዋ ብቻዋን ትበቃለች።