ገብረ ጉንዳንና ከብቶቹ

ገብረ ጉንዳን የትጋት ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሰነፍ ሰው ከእርሱ እንዲማር መክሯል። ነገር ግን ይህ ታታሪ ፍጥረት ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን እረኛም መሆኑን፥ መንጋውንም በእኛው ሰብል ላይ እንደሚያሰማራ የሚያስተውል ጥቂት ሰው ነው።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሉማሜ አካባቢ፥ በባቄላ ማሳ ውስጥ ወይም በከተማ ቤታችሁ ጓሮ፥ ገብረ ጉንዳን በተክል ግንድ ላይ ተሰልፎ ሲወጣና ሲወርድ ብታዩ፥ ለጋውን ጫፍና የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ክሽክሽ የሚባለውን ደቃቅ ተባይ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ።

ክሽክሽ እንደ መርፌ የቀጠነ አፉን ሰክቶ የተክሉን ጭማቂ ይመጥጣል። በጭማቂው ውስጥ ስኳሩ የበዛ፥ ሰውነት የሚገነባው ምግብ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ የሚበቃውን ለማግኘት አብዝቶ ይጠጣል፤ የተረፈውንም ጣፋጭ ፈሳሽ በስተኋላው ያስወጣል። ገብረ ጉንዳኑ በቀንዶቹ ዳሰስ ሲያደርገው ጠብታዋ ትወጣለች፤ እርሱም ይልሳታል። ይህ ላም ከማለብ በምን ይለያል?

እረኛ መንጋውን ከአውሬ እንደሚጠብቅ፥ ገብረ ጉንዳንም ክሽክሹን ይጠብቃል። በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሽ ልትበላ ስትመጣ ነክሶ ያባርራታል። አንዳንድ ጊዜም እንደ ባለከብት ከመንጋው መካከል አርዶ ይበላል።

የሚጎዳው ባለ ሰብሉ ነው። እንስቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ስለምትወልድ፥ ጠባቂ ያገኘ መንጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ይበዛል። ጭማቂውን ከመምጠጡም በላይ የቫይረስ በሽታን ከተክል ወደ ተክል ያጋባል። ይህን አይቶ መርዝ ለመርጨት የሚቸኩል ሰው ደግሞ ረዳቱን ጥንዚዛ አብሮ ይገድላል። ለጓሮ አትክልት ክሽክሹን በውሃ አጥቦ ማውረድ፥ ለሎሚ ዛፍም በግንዱ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ የሚያጣብቅ ነገር በመቀባት የጉንዳኑን መንገድ መዝጋት ይሻላል።

ጉንዳን ሁሉ ግን እረኛ አይደለም። በሠራዊት የሚጓዘው ጉንዳን የንብ ቀፎ ወርሮ እጩንና ማሩን ይበላል፤ ንብ አናቢዎች በቀፎው መቆሚያ እግሮች ዙሪያ አመድ የሚነሰንሱትም ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል የቤታችንን ምሰሶ ለሚበላው ምስጥ ከጉንዳን የከፋ ጠላት የለውም።

እንግዲህ ገብረ ጉንዳንን በጅምላ ማመስገንም ሆነ መርገም አይገባም። ትጉህ መሆኑን ካየን በኋላ፥ ትጋቱ ማንን እንደሚጠቅምና ማንን እንደሚጎዳ ቅጠሉን ገልጦ መመርመር የአስተዋይ ሰው ፈንታ ነው።