የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ

በአገራችን ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል። ሕመምተኛው ተልባ በጥብጦ ይጠጣል፤ ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ገዝቶ ይውጣል፤ በርበሬና ቡና ይተዋል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ሕመሙ የሐሞት ቱቦ በሆነበት ቀን ግን በተልባ የባከኑት ሰዓታት ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ሐሞቱ ስብ እንዲፈጭ ለማገዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል፤ ምግብ በሌለበት ሰዓት ከጉበት ሥር ባለችው ከረጢት ይጠራቀማል። እዚያ ውስጥ በአብዛኛው ከኮሌስትሮል ጠጠር ይሠራል። ጠጠር ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ሌሎቹን ግን፣ በተለይ ጾም ተፈትቶ ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበላ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ተነስቶ ወደ ጀርባና ቀኝ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ይይዛቸዋል። ጠጠሩ ከከረጢቷ አፍ ሲለቅ ሕመሙም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይተዋል። ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየና ትኩሳት ካስከተለ ከረጢቷ መቆጣቷ ያሰጋል። ያኔ ሐኪሙ ከጎድኑ ሥር ተጭኖ «አየር ይሳቡ» ሲል የሕመምተኛው ትንፋሽ መሀል ላይ ቁርጥ ይላል።

የባሰው ጠጠሩ ወርዶ ዋናውን ቱቦ ሲዘጋ ነው። የጤናማ ቱቦ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ትንሽ ጠጠር ይበቃዋል። ወስፋት በሚበዛበት አካባቢ ትሉ ራሱ ከአንጀት ሽቅብ ተስቦ ገብቶ ይዘጋዋል። መውጫ ያጣ ሐሞት እንደ ኩሬ ውሃ ይረጋል፤ ከአንጀት የመጡ ባክቴሪያዎች ይራቡበታል፤ ግፊቱ ሲያይል ወደ ደም ይገባሉ። ሕመምተኛውን የሚያንቀጠቅጠው ይህ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1877 ለዚህ በሽታ ሦስት ምልክቶችን ለይቶ ጻፈ፦ የቀኝ ላይኛው ሆድ ሕመም፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን። እ.ኤ.አ. በ1959 ሐኪሞቹ ሬይኖልድስና ዳርጋን የደም ግፊት መውረድንና የአእምሮ መደናገርን ጨመሩበት። ሁለቱ ከመጡ ሕመምተኛው በሞት አፋፍ ላይ ነው። ሦስቱ ምልክቶች ግን ሁልጊዜ አብረው አይታዩም፤ አንድ አዛውንት ድካምና መቃዠት ብቻ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ምልክት መጉደል ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም።

የደም ምርመራ የኢንፌክሽኑን ኃይልና ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን የቢሊሩቢን መጠን ያሳያል። አልትራሳውንድ በከረጢቷ ያለውን ጠጠር አጥርቶ ያያል፤ የቱቦውን ታችኛ ክፍል ግን የአንጀት አየር ይጋርድበታል። «አልትራሳውንድ ላይ ጠጠር አልታየም» ተብሎ ወደ ቤት መመለስ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። የቱቦው መስፋት ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ኤምአርአይ ሲኖር ይበልጥ ያጠራዋል። ያው ጠጠር ቆሽትንም ሊያስቆጣ ስለሚችል የቆሽት ምርመራም አብሮ ይታዘዛል።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀመራል። ማስታገሻ ምርመራውን ያደናግራል ብሎ ሕመምተኛን ማሰቃየት ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው። ይሁንና አንቲባዮቲክ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እንደሚገባው አይደርስም፤ መንገዱ መከፈት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች በጽኑ የታመሙ 82 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አከሙ። ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙት 32 በመቶ ሲሞቱ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ሐሞቱ ከወረደላቸው የሞቱት 10 በመቶ ነበሩ። ይህ ሕክምና በእኛ አገር ያለው በጥቂት ሆስፒታሎች ነው። እሱ በሌለበት በጎድን በኩል ወደ ጉበት በሚገባ ቀጭን ቱቦ ወይም በቀዶ ሕክምና ይሠራል። ሪፈር የሚጻፍም ከሆነ የደም ግፊት ሳይወርድ ይጻፍ። ሕመምተኛው ሲያገግም ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ብትወጣ ይሻላል፤ አለዚያ ጠጠሩ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ወደ ቅጠል የሚሮጡ ቤተሰቦች ያሳስቡኛል። ቱቦ ውስጥ የተቀረቀረ ጠጠርን የሚያወጣ ቅጠል የለም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ቤትዎ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ያድርሱት።