የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ መለያ ምልክቶች

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች “ጥድ” በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ዛፎች ይገኛሉ። አንደኛው ሀገር በቀሉ የሐበሻ ጥድ ሲሆን፣ ሁለተኛው መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነው የፈረንጅ ጥድ ነው።

ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለሥራ ኃላፊዎችና ለባለሙያዎች ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 የሐበሻ ጥድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ዛፎች መድቦት ነበር። አዋጁ በሌሎች የተተካ ቢሆንም፣ “ጥድ ለመቁረጥ” ተብሎ የቀረበ ማመልከቻ በስሙ ብቻ ከጸደቀ፣ በዝግታ የሚያድገው የተፈጥሮ ዛፍ በሰው እንደተተከለ ተቆጥሮ ሊቆረጥ ይችላል።

ዋነኛው መለያ ፍሬው ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰና ሥጋማ ሲሆን፣ ሲበስል አመድማ ሽፋን ያለው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ እንደ እንጨት የጠነከረና ሲደርቅ ተከፍቶ ዘሩን የሚያፈስ ነው።

ይሁንና የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኝ፣ ወንዴው ፍሬ አይኖረውም። የሁለቱም ቅርፊት በቁመት ስለሚሰነጠቅ በቅርፊት ብቻ መወሰንም አያስተማምንም። በመሆኑም በዙሪያው ያሉትን ዛፎች ፍሬ ጭምር መመልከት ተገቢ ይሆናል።

እንደ መናገሻ ሱባ ባሉ፣ የተፈጥሮ ጥድና የተተከለ የፈረንጅ ጥድ በአንድነት በሚገኙባቸው ደኖች፣ ከውሳኔ በፊት በቦታው ተገኝቶ ማረጋገጥ አስፈላጊ ነው።